የጥይት ካርቶን ይዞ ከሰው ደጅ መቆም

ሰውን ማወቂያው መንገድ ብዙ ነው። ሐኪም ሰውን በሕመሙ ያውቀዋል፤ ዳኛ በጠቡ ያውቀዋል፤ ባለሱቅም በዱቤው ያውቀዋል። ዕቃ ከቤት ወደ ቤት የሚያደርስ ሾፌር ግን ሰውን የሚያውቀው በደጁ ላይ ነው። ደጅ ትንሽ ቦታ ትምሰል እንጂ የሰው ጠባይ እንደዚያ ፈጥኖ የሚገለጥበት ስፍራ ጥቂት ነው። አባቶቻችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ያሉት ይህን ስለሚያውቁ ነው።

እኔ አዲስ አበባ ሳለሁ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርሁ። ወደ አሜሪካ ከተሻገርሁ በኋላ ግን በቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት፣ ከዋሺንግተን ከወንዝ ማዶ በምትገኘው በአሌክሳንድሪያ ከተማ እየኖርሁ የአንድ ዕቃ አመላላሽ ኩባንያ መኪና ስነዳ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። በዚሁ ሥራ የተሰማሩ የአገራችን ልጆች ብዙዎች ናቸው። ከማደርሰው ዕቃ መካከል ጫማ አለ፤ መድኃኒት አለ፤ የሕፃን ወተት አለ፤ ጥይትም አለ። ይህን የመጨረሻውን ለአገሬ ሰው ስናገር በቶሎ የሚያምነኝ የለም። «ጥይት እንደ ሸሚዝ ታዝዞ በካርቶን ቤት ድረስ ይመጣል?» ይሉኛል። አዎን፣ ይመጣል። ስለዚህ ነገሩ እንዴት እንደሆነ፣ ካርቶኑን የሚቀበሉትም ሰዎች ምን ዓይነት እንደሆኑ ጥቂት ላጫውታችሁ።

በእኛ አገር ጥይት ክቡር ነገር ነበረ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ጥይት በገበያ ላይ እንደ አሞሌ ጨው በገንዘብ ምትክ ይመነዘር እንደ ነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበውታል። አያቴም ውጅግራውን ሲያወርስ ጥይቱን በፍሬ ቈጥሮ ነው ያስረከበው፤ ባዶ ቀልሃ እንኳ ሲጥል አልታየም። በዚህ ዐይን ለሚያይ ሰው፣ አንድ ሺህ ፍሬ ጥይት በአንድ ካርቶን ተሞልቶ ከውሻ ምግብ ጋር ጎን ለጎን ተጭኖ ሲሄድ ማየት እጅግ ያስገርማል።

ነገሩ ግን ሥርዓት የሌለው አይደለም፤ ታሪክም አለው። ከዚህ በታች የምጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በኅዳር ወር 1963 ዓ. ም. የተገደሉበትን ጠመንጃ ገዳዩ ያገኘው ከመጽሔት ላይ ማስታወቂያ አይቶ፣ በሐሰት ስም በፖስታ አዝዞ ነበር፤ ዋጋውም ከነመነጽሩ 19 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነበረ። በ1968 ዓ. ም. ደግሞ ማርቲን ሉተር ኪንግና ሮበርት ኬኔዲ ተገደሉ። በዚያው ዓመት የወጣው የጦር መሣሪያ መቈጣጠሪያ ሕግ ጠመንጃም ሆነ ጥይት ከአንዱ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው በፖስታ ለግለሰብ እንዳይሸጥ ከለከለ። በ1986 ዓ. ም. የወጣ ሌላ ሕግ ግን የጥይቱን ክልከላ አነሣው። ከዚያ ወዲህ ጠመንጃ ከሩቅ ያዘዘ ሰው ፈቃድ ካለው ነጋዴ ዘንድ ሄዶ ማንነቱ ተመርምሮ ይረከባል፤ ጥይቱ ግን በብዙዎቹ ክፍለ ግዛቶች እስከ ደጁ ይመጣለታል። ከነጋዴ ለመግዛት ለረጅም ጠመንጃ ጥይት 18 ዓመት፣ ለሽጉጥ ጥይት 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። እንደ ካሊፎርኒያ ያሉት ደግሞ ጠበቅ ያለ ሕግ አውጥተዋል።

የመንግሥቱ ፖስታ ቤት ጥይት አይቀበልም። የሚያመላልሱት የግል ኩባንያዎች ናቸው። በካርቶኑ ላይ በማዕዘኑ የቆመ ካሬ ይታተማል፤ የላይኛውና የታችኛው ጫፉ ጥቁር፣ መካከሉ ነጭ ነው። ይህ ምልክት «አደጋ ሊያስከትል የሚችል ነገር በጥቂቱ አለበት» ማለት ነው እንጂ ጥይት መሆኑን አይናገርም፤ የጠጉር መርጫ የያዘ ካርቶንም ይኸው ምልክት ይኖረዋል። የአንዱ ካርቶን ክብደት ከ30 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ደንብ አለ። እኛ ሾፌሮች ግን ምልክቱን ሳናይ በወገባችን እናውቀዋለን። አንድ ሺህ ፍሬ የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ከጫማ ካርቶን ብዙ በማይበልጥ ሣጥን ውስጥ ሆኖ 12 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ከአዲስ አበባ በቅርብ የመጣ አንድ ወጣት ባልደረባችን እንዲህ ያለውን ካርቶን በአንድ እጁ ሊያነሣ ቢሞክር እምቢ አለው። «ምንድን ነው ያለበት?» ብሎ ቢጠይቀኝ «እርሳስ ነው» አልሁት። እርሱም በቅንነት፣ «ይህ ሁሉ እርሳስ ለየትኛው ትምህርት ቤት ነው?» አለኝ።

ብዙ ሰዎች መኪናው ቢቃጠል ምን ይሆናል እያሉ ይፈራሉ። ጥይት ኃይል የሚያገኘው በጠመንጃ አፈሙዝ ውስጥ ታፍኖ ሲተኰስ ነው። በካርቶን ውስጥ ሳለ እሳት ቢያገኘው ቀልሃው ይፈነዳል እንጂ እርሳሱ እንደ ተተኰሰ ጥይት አይበርም። ስለዚህ እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ በመኪናው ውስጥ ካለው ጥይት አንድ ቀን እንኳ ፈርቼ አላውቅም። የሚያሳስበኝ ደጁ ነው።

ካርቶኑን የሚቀበሉት ሰዎች እንደ እኔ አመለካከት በሦስት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው ደስተኛው ነው። አብዛኛውን ጊዜ አዳኝ፣ ወይም በቅዳሜና በእሑድ ዒላማ የሚተኵስ ሰው ነው። መኪናዬን ከሩቅ ሲያይ እንደ ልጅ ሮጦ ይመጣል። «እንዲህ የከበደው ምን ቢሆን ነው?» ብሎ ራሱ ይቀልዳል፤ ራሱም ይስቃል። እኔም ቀልዱን መቶ ጊዜ የሰማሁት ብሆንም አብሬው እስቃለሁ። ከእነዚህ አንዱ ጡረታ የወጣ ወታደር ነው። በበጋ ለሾፌሮች ብሎ በረንዳው ላይ በበረዶ የተሞላ የውኃ ሣጥን ያኖራል፤ ካርቶኑንም ከእጄ ነጥቆ ራሱ ይሸከማል እንጂ ደረጃውን አያስወጣኝም። ኢትዮጵያዊ መሆኔን በነገርሁት ቀን እጄን ይዞ፣ አባቱ በኮርያ ጦርነት በሰባተኛው የእግረኛ ክፍለ ጦር ውስጥ ሲዋጋ ከቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ጋር እንደ ነበረና ስለ ጀግንነታቸው እስኪሞት ድረስ ይናገር እንደ ነበረ አጫወተኝ። እኔ ያመጣሁት ጥይት ነው፤ ይዤ የተመለስሁት ግን የአገሬን ክብር ነው።

ሁለተኛው ድብቁ ነው። ይህ ሰው በሩን በጣት ስፋት ከፍቶ ግራና ቀኝ ይመለከታል። ጎረቤት ካወቀ ሌባ ያውቃል ብሎ የሚሠጋ አለ፤ ይህ ሥጋት እውነት ነው። አንዳንዱ ግን የሚደብቀው ከሌባ ሳይሆን ከሚስቱ ነው። አንድ ሰው ካርቶኑን ሁልጊዜ ከጋራዡ ውስጥ፣ ከሣር ማጨጃው መኪና ጀርባ እንዳኖርለት ይለምነኝ ነበር። አንድ ቀን ባለቤቱ በር ላይ አግኝታኝ ፈርማ ተቀበለችና፣ «ሣሩ የሚታጨደው በእኔ እጅ መሆኑን ባለቤቴ ዘንግቶታል» አለችኝ።

ሦስተኛው ፈሪው ነው። የዚህ ዓይነቱ ሰው በ2020 ዓ. ም. የኮሮና በሽታ በገባ ጊዜ በዛ። በዚያ ዓመት የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ ከጦር መሣሪያ ጋር የተያያዘ የማንነት ምርመራ ከ39 ሚሊዮን ጊዜ በላይ አካሄደ፤ ከዚያ በፊት ያን ያህል ሆኖ አያውቅም። ጥይት ከየሱቁ ጠፋ፤ ፍሬው 20 ሳንቲም ገደማ የነበረው የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ከ60 ሳንቲም በላይ ወጣ። ጠመንጃ ይዞ የማያውቅ ሰው ሁሉ አዘዘ።

በዚያ ዘመን በታኅሣሥ ወር ከመሸ በኋላ አንድ አዲስ ቤት ደረስሁ። በዚህ አገር በክረምት ከቀኑ በ11 ሰዓት ይጨልማል። ደወሉን ደውዬ እንደ ልማዴ ከበሩ ሦስት እርምጃ ራቅ ብዬ ቆምሁ። ከውስጥ፣ «ማን ነህ? ምን ትፈልጋለህ?» የሚል የተቈጣ ድምፅ መጣ። የኩባንያውን ስም ተናገርሁ። በሩ ሲከፈት ሰውዬው ሽጉጡን ወደ መሬት አዘንብሎ ይዞታል። እጁ ይንቀጠቀጣል። «ጌታዬ፣ ያዘዙትን ጥይት ነው ያመጣሁት» አልሁት፤ ሁለቱንም እጆቼን ከካርቶኑ ላይ ሳላነሣ። ሰውዬው ካርቶኑን አየ፤ ዩኒፎርሜን አየ፤ ከዚያም ፊቴን አየ። ሽጉጡን ወደ ኋላው አስቀምጦ ፈረመ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ ነገር ግን በሩን ከመዝጋቱ በፊት «በደኅና ግባ» አለኝ።

ወደ መኪናዬ ስመለስ ያሰብሁት ይህን ነው። ይህ ሰው ጥይቱን ያዘዘው ስለ ፈራ ነው። ጥይቱን ሲያመጡለት ደግሞ አምጪውን ይፈራል። ነገ ሌላ ቢያዝዝ ሌላ አምጪ ይመጣበታል። ፍርሃት በዚህ መንገድ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ የዚህ ሰው ፍርሃት በመጀመሪያው ካርቶን ባለቀ ነበር።

ነገሩ እንዲያው የአንድ ሰው ጠባይ ብቻ አይደለም። በ2023 ዓ. ም. በሚያዝያ ወር በካንሳስ ሲቲ ከተማ የ16 ዓመት ጥቁር ልጅ ታናናሽ ወንድሞቹን ሊወስድ ሄዶ ቤት ተሳስቶ ደወል ቢደውል፣ ባለቤቱ በበሩ በኩል በጥይት መታው። ልጁ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈ። በቀን መቶ ሃምሳ ደወል የሚደውል ጥቁር ሰው ይህን ሰምቶ እንደ ቀድሞው ሊደውል አይችልም።

ያን ጊዜ ትዝ ያለኝ የአባቴ አገር ልማድ ነው። በገጠር ሰው ወደ ሰው ቤት ሲሄድ ዝም ብሎ ከበር አይደርስም። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፤ «ማነው?» ሲባል ስሙን ይናገራል፤ ግባ እስኪባልም ይጠብቃል። በልጅነቴ ይህ ለውሻው ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን እንደ ገባኝ ግን ባለቤቱም ባለ ጠመንጃ ነውና ለእንግዳውም ለባለቤቱም ሰላም የተሠራ ሥርዓት ነው። እኔም በቨርጂኒያ እንዲሁ አደርጋለሁ። ከመንገድ ላይ ጡሩምባዬን አሰማለሁ፤ የመኪናውን የውስጥ መብራት አበራለሁ፤ ከደረጃው ሥር ሆኜ የኩባንያውን ስም ጮክ ብዬ እጠራለሁ። ከእኔ ጋር የሚሠሩ ፈረንጆችም አይተው ተከትለውኛል።

አንዳንድ ወዳጆቼ፣ «ጥይት ስታድል ኅሊናህ አይወቅስህም?» ይሉኛል። የማደርሰው ጥይት አብዛኛው ከወረቀት ዒላማ ላይ እንደሚያልቅ አውቃለሁ፤ ሁሉም ግን እንዲያ አይደለም። ባለፈው ዓመት በፋኪየር ወረዳ ወዳለ አንድ ቤት ካርቶን ይዤ ሄድሁ። አንዲት አሮጊት ወጥተው የተጻፈውን ስም አነበቡና ዝም አሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ «ባለቤቴ ነው። ከተቀበረ ዘጠኝ ቀኑ ነው» አሉኝ። አጽናናኋቸው። «ይህን መልሰህ መውሰድ ትችላለህ ልጄ? የልጄ ልጅ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። አያቱ ከሞተ ወዲህ ከክፍሉ አይወጣም፤ ምግብም አይበላም። ይህ እቤቴ እንዲገባ አልፈልግም።»

በአሜሪካ በጥይት ከሚሞቱት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሆኑት ራሳቸውን የሚያጠፉ ናቸው። አሮጊቷ ይህን ቍጥር ይወቁት አይወቁት አልጠየቅኋቸውም፤ የሚያስፈልጋቸውን ግን ያውቁ ነበር። «እመቤቴ፣ ይቻላል» ብዬ በመፈረሚያው መሣሪያ ላይ «አልተቀበሉም» ብዬ መዘገብሁ። «ይህንስ መለስኸው፤ እቤት ያለውን ምን ላድርገው?» ቢሉኝ፣ ወደ ወረዳው ሸሪፍ ጽሕፈት ቤት ደውለው እንዲያማክሩ ነገርኋቸው። ካርቶኑን ተሸክሜ ወደ መኪናው ስመለስ እንደዚያ ቀን ከባድ ዕቃ ቀልሎኝ አያውቅም። ከወራት በኋላ ለዚያው ቤት የኮሌጅ መጻሕፍት አደረስሁ፤ የተቀበለኝም ልጁ ራሱ ነው።

ስለዚህ ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ነገ ትምህርትህን ጨርሰህ በመሥሪያ ቤት መስኮት ብትቀመጥ ወይም እንደ እኔ ባሕር ተሻግረህ ዕቃ ብታደርስ፣ ከእጅህ የሚወጣው ነገር ወዴት እንደሚገባ ተመልከት። ሕጉን ዕወቅ፤ ሸክምህን ዕወቅ። ከሰው ደጅ ስትደርስ ደግሞ አስቀድመህ ስምህን ጥራ፤ ከዚያም ቆመህ የሚመልስልህን ሰው ድምፅ አድምጥ። በድምፁ ውስጥ ደስታ፣ ፍርሃት ወይም ኀዘን ታገኛለህ፤ ካርቶኑን ከማስረከብህ በፊት የትኛው እንደሆነ መለየት የሥራህ አንዱ ክፍል ነው።