የፋብሪካ ሙያ ለምን መረጥሁ?

አባቴ «ተምረህ ቢሮ ግባ» ይሉኛል። እኔ ግን የፋብሪካ መካኒክ መሆን እመኛለሁ።

አባቴ ያለ ምክንያት አልፈሩም። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለብዙ ሺህ ወጣቶች፣ ይልቁንም ለሴቶች፣ የልብስ ስፌት ሥራ ከፍቶ ነበር። በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ ለኢትዮጵያ ዕቃ የሰጠችውን ከቀረጥ ነፃ ገበያ ስታቋርጥ ግን ብዙዎች ሥራ አጡ።

ሆኖም ሞተርና ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው የልብሱ ፋብሪካ ቢዘጋ ወደ ዱቄቱ ወይም ወደ ሳሙናው ይሻገራል፤ ሙያው አብሮት ይሄዳልና።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። ስድቡ ከአፋችን ቢጠፋም ከልባችን ገና አልወጣም። ስለዚህ አባቴ ይህን ሲያነቡ፣ ዘይት የነካው እጅም በክብር እንጀራ እንደሚያበላ አምነው እንዲመርቁኝ እለምናለሁ።