ለሁላችንም የተጻፈው ደብዳቤ

የራሴን ጥፋት ላጫውትዎ ስለ ሆነ አስቀድሜ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ።

ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከወጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ ሲሆን የማስተምረውም ባዮሎጂ ነው። ባለፈው ዓመት የትምህርት ክፍላችን ኀላፊ «አንተ ወጣት ነህ፤ ኮምፒዩተር ታውቃለህ» ብለው ለስድስታችን መምህራን የጋራ የኢሜይል ሣጥን እንዳወጣ አዘዙኝ። ወጣትነት እንዲህ ያለ ዕዳም አለበት!

ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። አንድ ተራ ጂሜይል ከፈትሁ፤ የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፌ ከቁም ሣጥኑ በር ውስጥ ለጠፍሁት። ለማረጋገጫ የተመዘገበው ስልክ ግን በዚያች ሰዓት አጠገቤ የነበረ የአንድ ባልደረባዬ ነው። እርሱም ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ጅማ ተዛወረ። አንድ ቀን በአዲስ ኮምፒዩተር ልንገባ ስንል ጉግል ጠረጠረንና የማረጋገጫ ቁጥር ላከ፤ ቁጥሩም ጅማ ገባ። ባልደረባችን ክፍል ውስጥ ያስተምር ስለ ነበር፥ እስኪወጣ ድረስ እንደ ቁልፍ የጠፋባቸው ሰዎች ደጅ ቆመን ዋልን።

በዚህ ጊዜ ነው የጋራ ሣጥን የጋራ ቁልፍ ሊኖረው እንደማይገባ የተማርሁት። ጂሜይል ባለቤቱ ለሌሎች ውክልና እንዲሰጥ ይፈቅዳል፤ እያንዳንዱ በራሱ ስምና በራሱ የይለፍ ቃል ይገባል፤ የተዛወረው ሰው ስሙ ይሰረዛል፤ የሌላው ቁልፍ አይነካም። መሥሪያ ቤትዎ የሚሠራው በማይክሮሶፍት ከሆነም እንዲሁ ነው፤ ሠራተኞቹ ፈቃድ ካላቸው፥ የጋራው ሣጥን እስከ 50 ጊጋባይት ድረስ የራሱ ክፍያ አይጠየቅበትም። የሣጥኑን አስተዳዳሪ ግን ሁለት ያድርጉ፤ «ሁለት ባላ ትከል፥ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባል የለ?

አድራሻውም የሥራውን ስም እንጂ የሰው ስም ባይይዝ ይሻላል። ሬይ ቶምሊንሰን በ1971 እ.ኤ.አ. የተጠቃሚውን ስም ከኮምፒዩተሩ ስም በ«አት» ምልክት ሲለይ፥ ከምልክቱ በስተግራ የግድ ሰው ይቁም አላለም። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣ የኢንተርኔት ደንብም «ኢንፎ»ንና «ፖስትማስተር»ን የመሳሰሉ የሥራ ስሞችን መድቧል። ሰው ይሄዳል፤ ወንበሩ ይቀራል።

ይህን ሁሉ አስተካክዬ ኰራሁ። ጥፋቴ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በመጋቢት ወር አንዲት የቀድሞ ተማሪያችን ጻፈች። ለውጭ አገር ትምህርት የምታመለክትበት የድጋፍ ደብዳቤ እስከ ዓርብ ድረስ ያስፈልጋታል። መልእክቷን መጀመሪያ የከፈትሁት እኔ ነኝ፤ ታክሲ ውስጥ ነበርሁ። «ኀላፊያችን ይጽፉላታል» ብዬ ዘጋሁት። ያልተነበበ መልእክት በደማቅ ፊደል ይታያል፤ አንዱ ካነበበው ግን ለሁሉም ይቀጥናል። ስለዚህ ከእኔ በኋላ የገቡት አምስቱ «አንዱ መልሶላታል» ብለው አለፉ። ዓርብም አለፈ።

ሰኞ ራሷ መጣች። አልተቈጣችም፤ «ቲቸር፥ ኢሜይሌ ደርሷችሁ ነበር?» ብቻ አለችኝ። ደርሶናል አልሁ። አንብቤዋለሁ ለማለት ግን እስከ ማግሥቱ ድረስ ድፍረት አጣሁ፤ በስልክ ደውዬ ነው የነገርኋት።

ነገሩን ለመዝገብ ቤታችን ሠራተኛ ባጫውታቸው «ማን መራው?» አሉኝ። እኔም «ማንም» አልሁ። «ልጄ፥ ያልተመራ ወረቀት ምኑን ወረቀት ሆነ?» ብለው ሳቁብኝ። አንባቢዬ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ ያውቁታል፤ ደብዳቤ ሲገባ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ ኀላፊው በኅዳጉ ላይ «ለአቶ እገሌ» ብሎ ይመራዋል፤ ከዚያ ወዲያ አቶ እገሌ «አላየሁም» ሊል አይችልም። እኛ ሣጥኑን የጋራ ስናደርግ ይህን ኅዳግ ጥለነው ኖሯል።

አሁን በሣጥኑ ውስጥ በስድስታችን ስም ስድስት ምልክት አለ። የሳምንቱ ተረኛ ጧት ጧት ለእያንዳንዱ መልእክት የአንድ ሰው ስም ይለጥፍበታል፤ ስሙ የሚነሣው መልሱ ሲላክ ብቻ ነው። የጉግል የቡድን ሣጥን ይህንኑ መምራትና «ተፈጽሟል» ማለትን ከነአሠራሩ ይዞ እንደሚገኝ ኋላ ደረስሁበት። ኀላፊያችን ግን ከእርሳሱ በቀር በምንም አያምኑም፤ ስሞቹን በደብተርም ይጽፏቸዋል።

ተማሪያችን ዘንድሮ እንደገና ታመለክታለች። ተረኛው እኔ ስለ ሆንሁ፥ ትናንት የደረሰውን ጥያቄዋን በራሴ ስም መራሁት። ይህን ጽሑፍ ከመጀመሬ በፊትም የድጋፍ ደብዳቤዋን ልኬ ስሜን አነሣሁ።