ያገለገለ ድራይቨር ይፈለጋል

ርዕሱን አይታችሁ የሥራ ማስታወቂያ ቢመስላችሁ አንፈርድባችሁም። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ሐበሻ የሚበዛበት ካፌ ተቀምጦ «ድራይቨር እየፈለግን ነው» ማለት የራሱ ጣጣ አለው። አንዱ «ለታክሲ ነው ለሊሞ?» ይላል። ሌላው ሳይጠየቅ የአክስቱን ልጅ ስልክ ቁጥር ያወጣል። የእኛው ድራይቨር ግን መንጃ ፈቃድ አይጠየቅም፤ የጎልፍ ዱላ ነው። ከጎልፍ ዱላዎች ሁሉ ረጅሙና ባለ ትልቅ ራሱ፣ ኳሷን አርቆ ለመላክ የሚመዘዘው።

«ጎልፍ? እናንተ?» የሚለውንም ለምደነዋል። አዎ፣ እኛ። አራት ነን። ሜዳ ገብተን 18 ጉድጓድ አንጫወትም፤ ለዚያ ጊዜውም ገንዘቡም የለንም። ሐሙስ ማታ ከሥራ መልስ ካውንቲው ወደሚያስተዳድረው የመለማመጃ ሜዳ (ሬንጅ ይሉታል) እንሄዳለን፣ አንድ ትልቅ ባልዲ ኳስ እንገዛለን፣ እየተፈራረቅን እንለጋለን። አንዱ ሲለጋ ሦስቱ ያወራሉ። ሁለታችን የሌሊት ፈረቃ ስለምንሠራ አራታችንም የምንገናኝበት ሌላ ቀን የለም።

ደግሞስ ቆልመም ያለ ዱላ ይዞ ኳስ መለጋት ለሐበሻ ምኑ ነው አዲስ? የገና ጨዋታ እኮ አለን! አባቶቻችን ጫፉ የጎበጠ እንጨት መርጠው ይቆርጡ ነበር እንጂ የዘንድሮ ሞዴል ነው ወይ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። «የሀብታም ጨዋታ ነው» ለሚሉንም እዚሁ አጠገባችን ዋሽንግተን ያለውን የላንግስተን ሜዳ እንጠቅሳለን። እ.ኤ.አ. በ1939 የተከፈተው ሌሎች ሜዳዎች በራቸውን ለሚዘጉባቸው ጥቁር ተጫዋቾች ነበር።

ችግሩ የመጣው ከዋጋው ነው። ሱቅ ውስጥ የሚሰቀለው አዲስ ድራይቨር፣ ከታዋቂዎቹ ኩባንያዎች ከሆነ፣ ወደ 600 ዶላር ይጠጋል። 600 ዶላር ደግሞ እኛ ዘንድ ሌላ ሌላ ስም አለው፤ የወንድም የኮሌጅ ክፍያ፣ የእናት መድኃኒት፣ የመኪና ኢንሹራንስ። የድራይቨር ወሬ በተነሳ ሰሞን ከአራታችን አንዱ «እናንተ ግዙ፣ እኔ እየመጣሁ አያችኋለሁ» አለ። በሚቀጥለው ሐሙስ አልመጣም። ሐበሻ «አያችኋለሁ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ለሐበሻ አይነገርም።

ስለዚህ ስብሰባ ተቀመጥን። ውሳኔው አጭር ነበር፤ አንድ ድራይቨር፣ በጋራ፣ በነፍስ ወከፍ 30 ዶላር፣ ጣሪያው 120። ዕጣ የማይወጣለት ዕቁብ በሉት።

«በ120 ዶላር ምን ይገኛል? ሰልባጅ!» ላለን ሰው መልሳችን የዱላውን ታሪክ መንገር ነው። ድሮ ድራይቨር ከእንጨት ነበር የሚሠራው። እ.ኤ.አ. በ1979 የተቋቋመው ቴይለርሜድ የብረት ራስ ይዞ ብቅ አለ። በ1991 ካላዌይ «ቢግ በርታ» የተባለውን አወጣ፤ ራሱ 190 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ነበር፤ ያኔ ይህ ትልቅ ተብሎ ጉድ ተባለለት። ከዚያ ቲታኒየም መጣ፤ ቀላልና ጠንካራ ስለሆነ ራሱን የበለጠ ማሳደግ፣ ፊቱን ደግሞ ማሳሳት ተቻለ። ስስ ፊት ኳሷን እንደ ትራምፖሊን ያስፈነጥራል። ዱላው በያመቱ እያበጠ ሲሄድ የጨዋታውን ሕግ የሚያወጡት ሁለቱ አካላት፣ ዩኤስጂኤ እና አር ኤንድ ኤ፣ በቃ አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የራሱ መጠን ከ460 እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ለማስፈንጠር አቅሙም ጣሪያ ተበጀለት።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ትልቁ ዝላይ ከእንጨት ወደ ቲታኒየም፣ ከ190 ወደ 460 የነበረው ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሥራ በአብዛኛው ከመሐል ውጪ የተመታች ኳስ ብዙ እንዳትጠፋ ማድረግና ዱላውን እንደ ሰውየው ማስተካከል ነው። አዲሱ አይሻልም አንልም፤ ይሻላል። ግን የአሥር ዓመቱም ዱላ እዚያው ጣሪያ ሥር የተሠራ ነው። ለቀረችው ትንሽ ልዩነት 480 ዶላር መጨመር በሳምንት አንድ ባልዲ ለሚለጋ ሰው ምን ያደርግለታል?

ያገለገለ ዕቃ ግን ዓይን ይፈልጋል። እኛ ያየነውን በቅደም ተከተል እንንገራችሁ።

መጀመሪያ የቀኝ ነው የግራ? ቀላል ይመስላል፤ ዋጋው የረከሰ ዱላ ሲገኝ ግን ሰው ይህን ሳያይ ይከፍላል። ቀጥሎ ሎፍት፣ ማለትም የፊቱ ወደ ላይ መጋደም። 9 ዲግሪ ፈጣን ክንድ ላላቸው ነው። ለጀማሪ 10.5 ወይም ከዚያ በላይ ይሻላል፤ ኳሷ ቶሎ ትነሳለች፣ ወደ ጎን መጠምዘዟም ይቀንሳል። ሦስተኛ የዘንጉ ጥንካሬ። አር የተጻፈበት ለመካከለኛ ክንድ፣ ኤስ የተጻፈበት ለፈጣን ክንድ ነው። ወንድነትን ለማሳየት ኤስ የሚገዛ ሰው አለ፤ ኳሷ ግን ስለ ወንድነት አታውቅም።

ከዚያ ምርመራ። ፊቱንና ከጣሪያው ጋር የሚገናኝበትን መስመር በብርሃን እዩት፤ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ካለች ተዉት። ጆሯችሁ አጠገብ ነቅንቁት፤ ውስጡ የሚንኳኳ ነገር ካለ የተላቀቀ ሙጫ ሊሆን ይችላል፤ ከባድ ጉዳት ባይሆንም ዋጋ ለማስቀነስ ጥሩ ምክንያት ነው። ዘንጉ ካርቦን ስለሆነ ወደ ራሱ የሚገባበት አካባቢ በጣታችሁ ዳብሱት፤ ከተሰነጠረ አንድ ቀን ከነራሱ ተገንጥሎ ይበርራል። ጣሪያው ላይ ያለ ጭረት ግን አያስደንግጣችሁ፤ መልክ ያበላሻል እንጂ ምት አያበላሽም። እንዲያውም ዋጋ የሚያወርደው እሱ ነው። ያለቀ መያዣ ጎማም እንዲሁ፤ በትንሽ ገንዘብ ይቀየራል።

አስመስሎ የተሠራም ሞልቷል። የዓመቱን አዲስ ሞዴል በ90 ዶላር የሚያቀርብ ሰው ካገኛችሁ ደስ ከማለታችሁ በፊት ጠርጥሩ። ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፤ የአብዛኞቹ ድራይቨሮች ፊት ቲታኒየም ነው፣ ቲታኒየም ደግሞ ማግኔት አይስበውም። ማግኔቱ ፊቱ ላይ ልጥፍ ካለ ዱላውን በሰላም መልሱለት።

ከተቻለ ሳትከፍሉ ሞክሩት። ስትሞክሩ ግን ርቀት አትቁጠሩ፤ የሬንጅ ኳስ ብዙ ዱላ የቀመሰ፣ በአብዛኛው ከሜዳው ኳስ አጠር ብሎ የሚበር ነው። ከዚያ ይልቅ ፊቱ ላይ የእግር ፓውደር ስፕሬይ እፍ አድርጉበት። እያንዳንዷ ኳስ የት እንዳረፈች ነጭ ላይ ማኅተም ትተዋለች። አምስት ኳስ መትታችሁ አምስቱም ማኅተም ተበታትነው ካያችሁ፣ የሚያስፈልጋችሁ ነገር ከሱቅ እንደማይገዛ ዱላው ራሱ ይነግራችኋል።

እኛ በመጨረሻ የወሰድነው እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን ፒንግ ጂ 30 ነው። 10.5 ዲግሪ፣ ባለ አር ዘንግ፣ ጣሪያው ላይ ሁለት ጭረት፣ 105 ዶላር። በተረፈው 15 ዶላር አዲስ መያዣ አስገባንለት። ለአራታችንም ልክ አይደለም። ለአንዱ ዘንጉ ይለሰልስበታል፣ ለአንዷ ትንሽ ይረዝምባታል፤ እሷ ዝቅ አድርጋ ትይዘዋለች። ለአራት ሰው የተሰፋ ልብስ ለማንም ልክ አይሆንም፤ ይህን አውቀን ነው የገባንበት።

ጥቅሙን ግን ያየነው ሬንጁ ላይ ነው። የ600 ዶላር ዱላ የያዘ ሰው ኳስ በሳተ ቁጥር ገንዘቡን ያስባል፣ ሲያውሰውም ዓይኑ አብሮ ይሄዳል። ይህ ዱላ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ማንም አይሳቀቅም። ሲሳት እንስቃለን፣ ሲመታ እናጨበጭባለን። አሁን ለአንድ ሰዓት የአሠልጣኝ ክፍያ ሌላ ዙር መዋጮ ጀምረናል፤ አራታችን አንድ ላይ ቆመን የምንማርበት።

ያ «አያችኋለሁ» ያለው ልጅስ? 30 ዶላሩን የመጀመሪያው ከፋይ እሱ ነበር። ዱላው የሚያድረውም እሱ መኪና ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ መቅረት አይችልም።

ቸር እንሰንብት!