አንቺስ እንዴት ሰነበትሽ?

በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ መርጃ መሣሪያ አሠራርና ስለ ስፖርት ውድድር ብዙ አንብበናል። እኔ ደግሞ በበኩሌ፣ ብዙዎቻችን በጓዳ ስለምንይዘው ጉዳይ ጥቂት ልበል።

ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ወለድኩ። እንዳገራችን ልማድ ብቸና እናቴ ቤት ገብቼ ታረስኩ። ገንፎውም ቅቤውም አልጎደለብኝም፤ ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል፣ ይወጣል። ልጄ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እንደተነሣች ግን ትምህርቱ አይጠብቀኝምና ለእናቴ ትቻት ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ለማንም አልተናገርኩም። መምህሩ ሲያስተምር ጡቴ ያጋታል፤ ቀሚሴ ሲርስ በነጠላ እሸፍናለሁ። ሌሊት እንቅልፍ የለም። ዘመድ ሲደውል «ሕፃኗ እንዴት ናት? ዳዴ ልትል ነው?» ይላል። «አንቺስ?» ያለኝ አልነበረም። አንድ አጎቴማ «ተማሪ ሆነሽ ምን አስቸኮለሽ?» አለኝ። የቤት ኪራዩን የሚልክልኝ እሱው ነውና ምን ብዬ ልመልስ? ከሁሉ የከፋው፣ የልጄን ፎቶግራፍ አይቼ ምንም የማይሰማኝ ቀን መምጣቱ ነው። «እኔማ እናት አይደለሁም» ብዬ ደብተሬን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

ባለቤቴ ሞጣ መምህር ነው። ድምፄ አላምረው ሲል ለእናቱ ነገራቸው። እኔ አማቴን በጣም ነበር የምፈራቸው። እሳቸው ግን ከሞጣ ተነሥተው፣ በደብረ ወርቅ በኩል ብቸና ወርደው፣ ከእናቴ ጋር መክረው፣ በማግሥቱ ልጄን አዝለው ከተከራየሁበት ክፍል ደጃፍ ቆሙ።

«እማማ፣ ምነው በደኅና?» አልኳቸው።

ሕፃኗን ከማውረዳቸው በፊት ትክ ብለው አዩኝና «አንቺስ እንዴት ሰነበትሽ፣ ልጄ?» አሉኝ። እዚያው በሩ ላይ አለቀስኩ።

በአንድ ቀን አልዳንኩም። ጤና ጣቢያም ሄጃለሁ። እናቴም ብትሆን «የልጅ ልጄን ማሳደግ አቃተኝ ወይ?» ብላ መቀየሟ አልቀረም። ቅሬታዋ የበረደው ተራ ሲገቡ ነው፤ አማቴ እስከ ፈተና፣ እናቴ ከፈተና በኋላ። እኔም ልጄን እያጠባሁ አጠናሁ።

በኋላ ከንባብ እንደተረዳሁት፣ ይህ ስንፍና ወይም እርግማን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በታዳጊ አገሮች ከ100 ወላዶች 20 ያህሉ ከወሊድ በኋላ የአእምሮ ሕመም፣ በተለይም ድባቴ እንደሚገጥማቸው ይገልጻል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛ ወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከነደመወዟ ይሰጣታል። ተማሪ ግን ሠራተኛ አይደለችምና ይህ አዋጅ አይደርስላትም። ቀሪዋ ቤተሰቧና የመምህሮቿ አስተዋይነት ነው።

በሰኔ 2011 ዓ.ም. መቱ ላይ አንዲት እናት በወለደች በ30 ደቂቃ ሐኪም ቤት አልጋ ላይ ሆና የሁለተኛ ደረጃ ፈተና መውሰዷን ሰምተን አጀብ ብለናል። ፈተናው ሐኪም ቤት እንዲሰጣት ትምህርት ቤቱን ያግባባው ባለቤቷ መሆኑን ግን ስንቶቻችን ልብ ብለናል? ጀግንነቷ የራሷ ነው፤ ቢሆንም ከጎኗ የቆመ ሰው ነበራት።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ የምታንቀላፋ ተማሪ ብታዩ ከመቆጣታችሁ በፊት ጠይቋት። እናንተ ዕጩ መምህራን ደግሞ ማስታወሻችሁን አውሷት። ቤተሰብም ቅቤውን ሲልክ አንድ ጥያቄ ይጨምርበት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ?

ልጄ ዛሬ ትሮጣለች። እኔም በቅርቡ ጠመኔ እጨብጣለሁ። እናንተስ እንዴት ሰነበታችሁ?