ሁለት ቋንቋ በአንድ ግንብ ውስጥ



ስለ ሐረር ያልሰማ ሙስሊም ቤተሰብ በአገራችን አለ ለማለት ያስቸግራል። ስሟን ከአያቶቻችን አፍ ሰምተናል፤ የጀጎልን ግንብ በፎቶግራፍ አይተናል። ይሁን እንጂ መስማትና በዓይን ማየት አንድ አይደሉም። ስለዚህም የትምህርት ቤት ዕረፍት እንደገባ ሰባት ቤተሰቦች ሆነን፣ አሥራ ሰባት ልጆቻችንን ይዘን፣ አንድ አውቶቡስ ተከራይተን ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ ተጓዝን። አልሐምዱሊላህ፣ 500 ኪሎ ሜትር ከሚያልፈው መንገድ በኋላ በሰላም ገብተን አደርን። ለእናንተ ልናካፍላችሁ የወደድነው የማግስቱን የአንድ ቀን ውሏችንን ነው።

ሱብሒን በጀማዓ ሰግደን ቁርሳችንን ከቀመስን በኋላ አስጎብኚያችን መጣ። የጀጎል ተወላጅ የሆነ ወጣት ነው። ገና ከአውቶቡስ ሳንወርድ ልጆቹን «የምናየው ከተማ ስሙ ማን ነው?» ሲል ጠየቃቸው። ሁሉም በአንድ ድምፅ «ሐረር!» አሉ። እሱም ፈገግ ብሎ «እኛ ግን ጌይ ነው የምንላት፤ ከተማዋ ማለት ነው። ቋንቋችንም ጌይ ሲናን ይባላል፤ የከተማዋ ቋንቋ ማለት ነው» አላቸው። በሐረሪ ክልል የሥራ ቋንቋዎቹ ሁለት ናቸው፤ ሐረሪና ኦሮምኛ። በዚያ ላይ አማርኛውን ብዙዎች ይችሉታል፤ ዐረብኛውን ደግሞ ልጆቹ ከቁርኣን ትምህርታቸው ጋር ይለምዱታል።

ጉብኝታችንን የጀመርነው ከግንቡ ነው። ይህን ግንብ በ16ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ መሆናቸው ይነገራል። ርዝመቱ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። በውስጡ 82 መስጊዶችና 102 የቀደምት ደጋግ ሰዎች መካነ መቃብሮችና መታሰቢያዎች እንደሚገኙ ተመዝግቧል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ዩኔስኮም ጀጎልን እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ጥንታዊዎቹ በሮች አምስት ሲሆኑ እያንዳንዱ በር ከአንድ በላይ ስም አለው። ሐረሪው አርጎብ በሪ የሚለውን በር የኦሮሞው ገበሬ ከራ ኤረር፣ አማርኛ ተናጋሪው ደግሞ ኤረር በር ይለዋል። አሱም በሪም እንዲሁ ከራ ፈላና ወይም ፈላና በር ነው። በሩ አንድ ነው፤ ሁሉም በየስሙ ይጠራዋል፤ ሁሉም ግን ይገባበታል።

ከዚያ ወደ ገበያው ዘለቅን። አስጎብኚያችን «መጋላ ምን ማለት ነው?» ብሎ እንደገና ልጆቹን ፈተናቸው። ከመካከላችን የባሌ ተወላጅ የሆኑት አባት ፈጥነው «ከተማ ነው እንጂ!» አሉ። እሱም «በኦሮምኛ ልክ ነዎት፤ በእኛ ግን ገበያ ነው» ሲላቸው ሁላችንም ሳቅን። ከገጠር ተነሥቶ ለሚመጣ ሰው ከተማና ገበያ አንድ ቢሆኑበት ምን ይደንቃል? አንዲት አትክልት የምትሸጥ እናት ከጎረቤቷ ጋር በኦሮምኛ እየተጫወተች ሳለ አንዲት ሐረሪ ደንበኛ መጣችባት። ወዲያው ወደ ጌይ ሲናን ዞረች። እኛ ዋጋ ስንጠይቃት ደግሞ በአማርኛ መለሰችልን። በሦስት ቋንቋ ስትነግድ ልባችንን ነካችው። እኛ አንዱን ቋንቋ ለልጆቻችን ለማስተማር ሌላውን ማስረሳት ያለብን ይመስለን ነበርና።

በመኪና ግርግር በኩል አለፍን። ስሙን ያገኘው ግራና ቀኝ ከተደረደሩት ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪና ጩኸት ነው። ከዚያም በቀድሞው የራስ ተፈሪ መኖሪያ ውስጥ ወደሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየም ገባን። በእጅ የተጻፉ ቁርኣኖችና በሐረር የተደጎሱ ኪታቦች አሉበት። የጥንት ዑለማዎች ጌይ ሲናንን በዐረብኛ ፊደል ይጽፉት እንደነበር ስንረዳ ልጆቹ ተገረሙ። ዲን ሲማሩ ቋንቋቸውን አልጣሉም፤ እንዲያውም በቁርኣኑ ፊደል ቋንቋቸውን ጻፉበት።

ዙሁርን ከሰገድን በኋላ የሆነው ግን ከሁሉ ይበልጥ በልባችን ቀረ። ከመካከላችን አንዲት እህት ትውልዷ ከዚሁ ከጌይ ነው፤ ያደገችው ግን አዲስ አበባ ነው። የእናቷ አክስት በጀጎል ውስጥ ይኖራሉ። ሁላችንንም ለምሳ ጠርተውን ነበርና ጫማችንን አውልቀን ገባን። ጊድር ጋር ይባላል፤ ትልቁ ቤት። ከእኛ ጋር የነበሩት ስልጤ አባት «ጋር» የሚለውን ሲሰሙ «ይህማ የእኛም ቃል ነው!» ብለው ተደሰቱ። የሐረሪና የስልጤ ቋንቋዎች የቅርብ ዘመዳሞች ናቸውና። በቤቱ ውስጥ ነደባ የሚባሉ አምስት ከፍ ያሉ መቀመጫዎች አሉ። ግድግዳው በስፌት ሥራዎች አጊጧል። ከቡና ገለባና ከወተት የሚፈላው ሆጃ ቀረበልን።

አሮጊቷ የእህታችንን ልጅ፣ የ11 ዓመቷን፣ እጇን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧትና በጌይ ሲናን ረጅም ነገር አወሯት። ልጅቱ ፈገግ እያለች እናቷን ታያለች። እናትየው የመጀመሪያውን ተረጎመችላት፤ ሁለተኛው ላይ ግን ቃሉ ጠፋባትና ቆመች። ቤቱ ጸጥ አለ። አሮጊቷ በተሰባበረ አማርኛ «እኔ ለዚች ልጅ እንግዳ ነኝ ማለት ነው?» አሉ።

እህታችን አንገቷን ደፍታ «በትምህርቷ እንዳትቸገር ብዬ ነው» አለች። አሮጊቷ አልተቆጡም። ተነሥተው ከግድግዳው ላይ አንዲት ትንሽ ስፌት አወረዱ። የሐረሪ እናት የስፌት ሥራዋን ለልጇ ማውረሷ የቆየ ልማድ ነው። ለልጅቱ የዕቃውን ስም ነገሯት፤ እሷም ደጋግማ አለችው። የሚሰጧት መስሎን ነበር። እሳቸው ግን መልሰው ሰቀሉትና «በሚቀጥለው ስትመጪ በእኛ አፍ ጠይቂኝ፤ ያን ጊዜ ያንቺ ነው» አሏት። ስንሰናበታቸው ዱዓ አደረጉልን፤ «አሚን» ያልነው ግን እንባ እየተናነቀን ነበር።

ማታ፣ ከመግሪብ በኋላ፣ ከግንቡ ውጭ ጅቦች ሲመገቡ ለማየት ሄድን። ሐረሪው ወራባ፣ ኦሮሞው ወራቤሳ ይለዋል። ልጆቹ ሁለቱንም ስም እየጮኹ ሲጫወቱ እኛ ወላጆች ግን ዝም ብለን ነበር። ወደ ማረፊያችን ስንመለስ በአውቶቡስ ውስጥ ቆጠርን። ከመካከላችን ሐረሪ፣ ኦሮሞ፣ ስልጤና ጉራጌ አለ። ከአሥራ ሰባቱ ልጆቻችን ከአያቶቻቸው ጋር በአያቶቻቸው ቋንቋ መነጋገር የሚችሉት ሁለት ብቻ ሆነው ተገኙ።

ውድ አንባብያን! አማርኛ ተማሩበት፣ ሠሩበት፤ እኛም ይህን የምንጽፍላችሁ በእርሱ ነው። ጥፋቱ አንዱን ማወቅ ሳይሆን ሌላውን መዝጋት ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ሩም 22ኛው አንቀጽ የቋንቋዎቻችንን መለያየት ከተዓምራቱ ቆጥሮታል። ዝምድናን መቀጠልም በዲናችን የታዘዝንበት ነገር ነው። ታዲያ ልጃችን ከአያቱ ጋር የሚነጋገርበት ቃል ከሌለው ዝምድናውን በምን ይቀጥለው? በዓል በመጣ ቁጥር እጅ መሳም ብቻ ይበቃልን?

ስለዚህ ዕረፍት ሲመጣ ልጆቻችንን አያቶቻቸው ዘንድ እንላካቸው። በቤታችን ቢያንስ የምሳውን ሰዓት በእናት ወይም በአባት ቋንቋ እናድርገው። ወጣቶችም «አልችልም» ብላችሁ አትፈሩ፤ በቀን አንድ ቃል ጠይቁ። ያቺ የ11 ዓመት ልጅ ከጉዞው ከተመለስን ወዲህ በየጁምዓው ለአክስቷ ስልክ ትደውላለች። እናቷ እንደነገረችን እስካሁን የምታውቀው ከሰላምታ ብዙም አያልፍም። ስፌቱ ግን ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ይጠብቃታል። አላህ ለአክስቷ ዕድሜና ጤና ሰጥቶ ለዚያ ቀን ያድርሳቸው። አሚን።