ቤተሰብ ያዋጣለት ፊልም

ፊልም ሲያዩ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ አስበው ያውቃሉ? እኔ ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ይህ ጥያቄ አይለቀኝም። አሜሪካዊው ራያን ጆንሰን «ብሪክ» የተባለውን የምስጢር ድራማ ስክሪፕት ይዞ ለዓመታት ደጅ ቢጠናም ደፍሮ ገንዘብ የሚያወጣለት አላገኘም። በመጨረሻ 450 ሺህ ዶላር ገደማ ያዋጡለት ቤተሰቦቹና ወዳጆቹ ናቸው። በተማረበት የካሊፎርኒያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ20 ቀን ቀረጸው፤ ሙዚቃውን የአጎቱ ልጅ ሠራለት፣ ያውም የወጥ ቤት ዕቃ ሳይቀር እየመታ! እ.ኤ.አ. በ2005 ሰንዳንስ ፌስቲቫል ላይ ተሸለመ፤ ለሕዝብ የታየው ግን በዓመቱ ነው። እስከዚያ የዘመድ ፊት ማየት ቀላል አይመስለኝም።

ሰሞኑን ታናሽ ወንድሜም ስክሪፕቱን ይዞ ቤቴ መጣ። ዕቁቤ ደርሶኝ ስለነበር አላሳፈርኩትም። የሰጠሁት ግን ቢጠፋ የማያጣላንን ያህል ብቻ ነው፤ እናታችንም ምስክር ናት።