የፔጆ 404 ቴስታታና የድሬ መካኒክ

ፔጆ 404ን ብዙ ሰው የሚያውቀው በታክሲነቱ ነው። ድሬዳዋ ላይ ከከዚራ መጋላ፣ ደቻቱን እየተሻገረ ሰው ሲያመላልስ የኖረ መኪና ነው። ይኸው መኪና ግን እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ አሸንፏል። ድሬዎች በሳንቲም ሲሳፈሩበት የኖሩት የውድድር ሻምፒዮን ነው።

በአውሮፓ ዛሬም የድሮ መኪኖች ይወዳደራሉ። ለውድድር የሚዘጋጅ ሞተር ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚነካው ቴስታታው ነው። የቴስታታው ፊት በማሽን በስሱ ይላጋል፤ ነዳጁ የሚቃጠልበት ክፍል ይጠብና እመቃው ይጨምራል። የአየር መግቢያና መውጫ ቀዳዳዎቹ ይሰፋሉ፣ ይለሰልሳሉ። ሞተሩ በደንብ ይተነፍሳል፤ ጉልበት ያገኛል።

ድሬ ላይም ቴስታታ ይላጋል፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። የ404 ቴስታታ አሉሚኒየም፣ የተቀመጠበት ብሎክ ደግሞ ብረት ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረቱ እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። በድሬ ሙቀት ላይ ወደ ሐረር የሚወስደው የደንገጎ ዳገት ሲጨመርበት፣ ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ2,000 በላይ መውጣት ማለት ነው። ራዲያተሩ ውሃ ካጠረው ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፣ ውሃና ዘይት ይቀላቀላሉ።

መካኒኩ ቴስታታውን የሚያስልገው ለፍጥነት ብሎ አይደለም፤ መኪናው ነገ ሥራ እንዲገባ ነው። ነገር ግን በተላገ ቁጥር እመቃው ሳይፈለግም ይጨምራል። ካለፈ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ፒስተን እስከ መብሳት ይደርሳል። ስለዚህ ወፈር ያለ ጓርኒሲዮን ይፈለጋል፣ የእሳቱም ሰዓት ትንሽ ይዘገያል። የውድድሩ ባለሙያ በመለኪያ የሚያገኘውን ልክ የእኛው መካኒክ ብዙ ጊዜ በእጁና በጆሮው ያገኘዋል።

ይህ እጅ ከየትም አልመጣም። ባቡሩ ድሬ የገባው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። የምድር ባቡሩ ወርክሾፕ ቶርኖውን፣ ሞርሳውንና የብረት ሥራውን ለከተማዋ ልጆች በሥራ ላይ አስተማረ። ድሬ የመካኒክ አገር የተባለችው በከንቱ አይደለም።

አሁን ጥያቄው ወዲህ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ወስኗል። ውሳኔው የራሱ ምክንያት አለው፤ ነዳጅ በውድ የውጭ ምንዛሪ ይገዛል። «እንግዲያው አሮጌ ሞተር ይሙት» የሚሉም አሉ። ግን አዲስ ካልገባ ያለው ለብዙ ዓመት ይሠራል ማለት ነው። የገጠሩ አይሱዙ፣ የገበሬው የውሃ ፓምፕ፣ የወፍጮ ቤቱ ሞተር ሁሉም ቴስታታ አላቸው። ማን ይጠግናቸዋል?

የሽማግሌው መካኒክ እውቀት በወረቀት ላይ የለም። ስንት ማይክሮን ሲላግ እንደሚበቃ፣ የትኛው ድምፅ የምን ምልክት እንደሆነ ከእሱ ጋር ወደ መቃብር ይወርዳል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች እነዚህን ሰዎች እንደ ተማሪ ለፈተና ከሚጠሩ፣ እንደ መምህር ደመወዝ ከፍለው ቢጋብዟቸው ይሻላል። አንድ ጎበዝ መካኒክ ሁለት ወጣት አጠገቡ ቢያቆም፣ ልኩም በደብተር ቢጻፍ ወጪው ብዙ አይደለም።

ኤሌክትሪኩ ይምጣ፤ መልካም ነው። እስኪደርስ ድረስ ግን አገር የሚንቀሳቀሰው በነዚህ እጆች ነው።